ቁልቁለቱን ማን ጠየቀ?

ዛሬ እንጦጦ ላይ አንድ ልጅ ብስክሌቱን እየገፋ ቁልቁለት ሲወርድ አገኘሁት። ጓደኞቹ ጥለውት ወርደዋል። "ዳገቱን እኮ አሪፍ አድርጌ ነው የወጣሁት" አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ጣቶቹ ፍሬን ጨምቀው ጨምቀው ደንዝዘዋል። የውሃውን ክዳን መክፈት አቅቶት እኔ ከፈትኩለት።

እኛ ብስክሌት ነጂዎች ጋ መንገድ ሲመረጥ "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ይባላል፤ ቀጥሎ "ፎቶ ያስነሳል?"። ቁልቁለቱን የሚጠይቅ የለም። ዳገት ቢከብድህ ወርደህ ትገፋለህ፣ አለቀ። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተነጠፈበት፣ ጠጠሩ የሚንሸራተት ቁልቁለት ግን ለጀማሪ ሌላ ጣጣ ነው። እንጦጦ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ትንፋሽ ሲያጥር እጅም ይዝላል።

እኔን ብትሉኝ ጀማሪው በሰፊው የጫካ መንገድ ይሂድ፣ ጎበዙ በጠባቡ ዞሮ ይምጣ። ከተማው ቁልጭ ብሎ የሚታይበት አፋፍ ላይ ይገናኙ። እይታው እንደሆነ ለሁሉም እኩል ነው። (እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱት እናቶች ግን ሁላችንም ቆመን እናሳልፍ፣ በናታችሁ!)

ቅዳሜ መውጣት ያሰባችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ፍሬናችሁን ቀድማችሁ አስፈትሹ።