በልጅ እግር የተለካ ሰፈር

የመጀመሪያውን ቤት የተከራየነው ሳሎኑ አማልሎን ነው። ሰፊ ነው፣ ብርሃን ይገባዋል፣ ወለሉ ያብለጨልጫል። ያየነው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሰፈሩ ጭር ብሏል። ደላላው «እንዲህ ያለ ጸጥታ ከየት ይገኛል?» አለን። አመንነው፤ ቀብድም ያኔውኑ ከፈልን።

ሰኞ ጠዋት ከጓሮ የብረት መቁረጫ ማሽን ጮኸ። እሁድ ተዘግቶ ያየነው በር ለካ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ነው! ልጃችን ያኔ ዓመት ከመንፈቋ ነበር። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። የእኛዋ የቀኑን እንቅልፍ እርግፍ አድርጋ ተወችው፤ ማታ ማታ በንጭንጭ ፍዳችንን ታበላናለች። ውሉ የአንድ ዓመት ስለነበር ጥርሳችንን ነክሰን ጨረስነው።

በሁለተኛው ዙር ደላላ ከመጥራታችን በፊት ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ሳምንታችንን ወረቀት ላይ ጻፍነው። ማን፣ የት፣ ስንት ጊዜ ይሄዳል? «ለእናቴ ቤት ይቅረብ» እያልኩ ስከራከር የነበርኩት እኔ፣ እዚያ የምሄደው በወር አንዴ ሆኖ ተገኘ። ሕፃናት ማቆያው ጋ ግን በሳምንት 10 ጊዜ እንመላለሳለን። ፍለጋውን በማቆያው ዙሪያ አጠበብነው።

ከዚያ ልጅቷን ይዤ በእግር ወጣሁ። ስልኬ ላይ ያለው ካርታ 8 ደቂቃ ያለው መንገድ ከእሷ ጋር 25 ደቂቃ ፈጀ። ጠጠር ታነሳለች፣ ድመት ትከተላለች፣ መሀል መንገድ ላይ ዘፍ ትላለች። አንዱ ቤት በጣም አምሮን ነበር፤ ግን ከፊቱ ሰፊ አስፋልት አለ፣ ዜብራ የለውም፣ መኪናው ይከንፋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የገጨው እግረኛ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ 50 ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቤቱን ሳንገባበት ተውነው።

የወደድነውን ሰፈር ሦስት ጊዜ አየነው፦ በሥራ ቀን ጠዋት፣ ቅዳሜ፣ ከዚያም ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ። «ሰፈሩ እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም «ጥሩ ነው» ይለኛል። (ማን የራሱን ሰፈር ያማል?) ጥያቄዬን ቀየርኩና አንዲት እናት «ትናንት ልጆቹ የት ተጫወቱ?» አልኳት። ሳቀች። «መጫወቻ ሜዳውንማ ተዪው፣ ጥላ የለውም። ሁላችንም ከኋላ ዛፎቹ ሥር ነን» አለችኝ። ሄጄ አየሁ። እውነቷን ነው፤ አምስት ስድስት ልጆች አፈር ያቦካሉ።

እዚያው ተከራየን። ሳሎኑ የድሮው ግማሽ ስለሆነ ትልቁን ሶፋ ሸጥነው። ልጅቷ ቀን ትተኛለች። አንድ ነገር ብቻ ሳናጣራ ቀርተናል፤ የሕፃን ጋሪ ምድር ቤት ማቆም ይቻል እንደሆነ። አይቻልም። ሁለተኛው ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ጋሪውን በየቀኑ ሦስተኛ ፎቅ ተሸክሜ እወጣለሁ።