ቀዶ ጥገናው አለቀ፣ ቤት ገባን፤ ከዚያስ?

የእህቴ ልጅ ገና ጨቅላ ሳለች አዲስ አበባ የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ጎንደር ስትገባ ቤቱ እልልታ በእልልታ ሆነ። ደስ ይላል። ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አያወራም፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ሰው የሚፈራው ኦፕሬሽኑን ነው። እውነት ነው፣ ልብ ደም የመርጨት አቅሟ ብዙ ጊዜ የሚደክመው በመጀመሪያው ሌሊት ነው፤ ግን እዚያ ማሽንም ሐኪምም አለ። ቤት ያለነው እኛ ነን። በልብ ዙሪያ ውሃ መቋጠር ደግሞ ከሳምንታት በኋላም ይመጣል፣ ቁስሉ ድኖ ሁሉም ሰው ከተዘናጋ በኋላ።

ስለዚህ ስትጠባ እዩዋት። ለእንዲህ ዓይነት ሕፃን መጥባት ዳገት መውጣት ነው። ግንባሯን ላብ ካቸፈቸፈው፣ ጥቂት ስባ ከደከመች፣ ትንፋሿ በደቂቃ ከ60 ካለፈ፣ የዐይኗ ዙሪያ ካበጠ፣ ሽንቷ ከቀነሰ፣ ትኩሳቷ 38 ከደረሰ «ይንጋና እናያለን» አይባልም። ድምጿ ከሰለለና ወተት ትን ካላትም ንገሩ፤ የድምፅ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፣ ወተቱም ሳንባ ይገባል።

የደረት አጥንቷ እስኪገጥም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ብብቷን ይዞ ብድግ ማድረግ የለም፤ አንድ እጅ ከአንገቷ፣ አንድ እጅ ከመቀመጫዋ ስር። እናቴ ጉንፋን የያዘውን ጠያቂ ሁሉ ከበር ትመልስ ነበር። ጎንደር ላይ እንግዳ መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እግዜር ይስጣት።

ክርስትናዋ ሲደርስ ደግሞ የንስሐ አባታችን ራሳቸው «ሐኪሟ ስለ ቁስሉ ምን አለ?» ብለው ነው የጠየቁን። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ግን በፍጹም! ከተቆረጠው ቦታ የገባ ባክቴሪያ በደም ሄዶ የተጠገነው ልብ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ አስፕሪን የምትወስድ ከሆነ ደሙም በቀላሉ አይቆምም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦፕሬሽን ያደረገላት ቡድን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው ያለው። የሆስፒታሉን ወረቀት ፎቶ አንሱና የቤተሰቡ ሁሉ ስልክ ላይ ይኑር፦ የልቧ ችግር ስም፣ የተሠራላት ቀዶ ጥገና፣ የመድኃኒቱ ልክ፣ ከሁሉም በላይ ለሷ ትክክል የሆነው የኦክስጅን መጠን። ልባቸው በከፊል ብቻ የተስተካከለላቸው አንዳንድ ሕፃናት በደማቸው ያለው ኦክስጅን ከ75 እስከ 85 በመቶ ቢሆን የሚጠበቅ ነው፤ ሌሊት የሚቀበላችሁ ተረኛ ሐኪም ይህን ሳያውቅ ኦክስጅን ቢያበዛባት ሊጎዳት ይችላል።