ላይሲን 27፦ ጂን የሚከፈትበትም የሚዘጋበትም ቦታ

147 ያህል የዲኤንኤ ቤዝ ጥንዶች ሂስቶን በተባሉ ስምንት ፕሮቲኖች ዙሪያ ሲጠመጠሙ ኑክሊዮሶም የተባለው ጥቅል ይፈጠራል። የሂስቶኖቹ ጭራ ግን ከጥምጥሙ ወጥቶ ይቀራል፤ ጂን ይነበብ ወይስ ይዘጋ የሚለው ጉዳይ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያ ላይ በሚቀመጡት ኬሚካላዊ ምልክቶች ነው።

ከሂስቶኖቹ አንዱ የሆነውን የኤች3ን ጭራ፣ ከዚያም ውስጥ 27ኛውን አሚኖ አሲድ፣ ላይሲንን እንመልከት። ፒ300 የተባለው ኢንዛይም አሲቴል የተባለውን ኬሚካላዊ ምልክት ሲያስቀምጥበት የላይሲኑ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሚጠፋ ዲኤንኤውን የመያዝ አቅሙ ይላላል፤ ጂኑም ለመነበብ ይመቻል። ኢዜድኤች2 የተባለው ሌላ ኢንዛይም ሜቲል የተባለውን ምልክት ሦስት አድርጎ ሲያስቀምጥበት ግን ቻርጁ አይጠፋም፤ ጂኑ የሚዘጋው ሜቲሉን የሚያውቁ ሌሎች ፕሮቲኖች መጥተው ክሮማቲኑን (ዲኤንኤውን ከነሂስቶኖቹ) ስለሚያጠጋጉት ነው። አሲቴልና ሜቲል በአንድ ላይሲን ላይ አብረው መቀመጥ አይችሉም። «ሜቲል ማለት ዝግ» ብሎ መያዝም ያሳስታል፦ ያው ሦስት ሜቲል በዚሁ ጭራ ላይሲን 4 ላይ ሲገኝ በሥራ ላይ ያለ ጂን መነሻን ያመለክታል።

ካንሰር ይህን ሚዛን በሁለቱም አቅጣጫ ያዛባዋል። በአንዳንድ የቢ ሴል ሊምፎማዎች (የነጭ የደም ሴል ካንሰሮች) የኢዜድኤች2 641ኛ አሚኖ አሲድ፣ ታይሮሲን፣ ይለወጣል። ጤነኛው ኢንዛይም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሜቲሎች በቀላሉ ያስቀምጣል፣ በሦስተኛው ላይ ግን ይዘገያል፤ የተለወጠው ደግሞ ሦስተኛውን መጨመር ይቀናዋል። ሴሉ ሁለቱም ኢንዛይሞች ስላሉት አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል፤ ማደግ የነበረባቸው የቢ ሴሎችም ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚያሻግሯቸው ጂኖች ተዘግተውባቸው ይቀራሉ። በአንዳንድ የቲ ሴል ሉኪሚያዎች ግን ሴሉን የሚጎዳው የዚሁ ኢንዛይም መጥፋት ነው።

በእኔ እይታ ከሁሉ የሚከብደው በሕፃናት የአንጎል ግንድ ላይ የሚወጣው ግሊዮማ የተባለው ዕጢ ነው። እዚያ የሚለወጠው ሂስቶኑ ራሱ ነው፦ ላይሲን 27 በሌላ አሚኖ አሲድ፣ በሜቲዮኒን፣ ይተካል። ኤች3ን የሚሠሩት ጂኖች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ የአንዱ አንድ ቅጂ ብቻ ቢለወጥም የላይሲን 27 ሦስት ሜቲል ከጤነኞቹ ሂስቶኖች ላይ ጭምር በእጅጉ ይቀንሳል።

ይህን በቺፕ-ሴክ (ምልክቱ ያለበትን ዲኤንኤ በአንቲቦዲ አጥምዶ በሚያነብ ዘዴ) ለመለካት በሴሎቹ ውስጥ ዲኤንኤውና ፕሮቲኖቹ በ1% ፎርማልዴሃይድ ለ10 ደቂቃ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ማያያዙ በ125 ሚሊሞላር ግላይሲን እንዲቆም ይደረጋል፣ ከዚያም ክሮማቲኑ ከ200 እስከ 500 ቤዝ ጥንድ ድረስ ይቆራረጣል። ፎርማልዴሃይዱ ከበዛ ክሮማቲኑ አይቆራረጥም፣ ምልክቱን ለይቶ የሚይዘው ፕሮቲን፣ አንቲቦዲውም፣ ምልክቱን አያገኘውም። የአንቲቦዲ ምርጫም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ላይሲን 9ም ሆነ 27 የሚገኙት በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ውስጥ ነው (አላኒን፣ አርጂኒን፣ ላይሲን፣ ሰሪን)፣ ስለዚህ ደካማ አንቲቦዲ ሁለቱን ያምታታል። ምልክቱ በመላው ጂኖም ሲቀንስ ደግሞ የተለመደው ስሌት ቅነሳውን ይደብቀዋል፤ ከእያንዳንዱ ናሙና የተነበቡትን የዲኤንኤ ቁርጥራጮች ጠቅላላ ብዛት እኩል አድርጎ ስለሚያስተካክል። መፍትሔው ከአንቲቦዲው በፊት በእያንዳንዱ ናሙና ላይ እኩል መጠን ያለው የድሮሶፊላ (የፍራፍሬ ዝንብ) ክሮማቲን ጨምሮ በእሱ ማመጣጠን ነው።

ኢዜድኤች2ን የሚያግደው ታዜሜቶስታት የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ኤፒቴሊዮይድ ሳርኮማ ለተባለው ካንሰር ተፈቅዷል። በዚህ ካንሰር ኢዜድኤች2 ራሱ አልተለወጠም፤ የጠፋው እሱን የሚገዳደረው አይኤንአይ1 የተባለ ፕሮቲን ነው። መድኃኒቱን በሴል ላይ የሚሞክር ሰው በ72 ሰዓት ውጤት እንዳይፈርድ። መድኃኒቱ አዲስ ሜቲል እንዳይጨመር ያደርጋል እንጂ ያለውን አያነሳም፤ የቆየው ምልክት በአብዛኛው የሚሳሳው ሴሉ በተከፋፈለ ቁጥር ነው። የፕሮቲን መጠን በሚለካው በዌስተርን ብሎት የሜቲሉ መቀነስ በጥቂት ቀናት ይታያል፤ የሴሎቹ እድገት መገታት ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።