ሽሬ በ33 ሜትር

እናቴ ቤት ስብሰባ አይጠራም። ይህን እያወቅሁ ጠራሁ። ለአንድ ሰዓት ብለን የተቀመጥን አምስት ሰዎች እንጀራው ተበልቶ፣ ቡናው እስከ በረካ ተጠጥቶ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ተለያየን። የመጣንበት ጉዳይ የተነሣው ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ነው።

ጉዳዩ ባሕር ነው። እኛ ሰፈር፣ እስራኤል አገር ክርያት ያም ዳርቻ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚያይ ሰው ከውኃ በቀር ምንም የለም። ራቅ ብሎ ወደ ሐይፋ ወደብ ለመግባት ተራ የሚጠብቁ መርከቦች ይታያሉ። ከዚያ ውኃ ሥር ግን፣ 33 ሜትር ላይ፣ አንድ የጣልያን ሰርጓጅ መርከብ ተኝቷል። ስሙ ሽሬ ነው። አዎ፣ የእኛው ሽሬ።

ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት ጀልባ ላይ ነው። የባሕር ጠላቂነት አሠልጣኛችን «ሺሬ» ሲሉ በዕብራይስጥ መዝሙር ምናምን የሚል ነገር መስሎኝ ዝም አልኩ። ቤት ገብቼ ሳነብ ነው የደነገጥኩት። (አሠልጣኛችን ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። በዕብራይስጥ «አንተ» እላቸዋለሁ፣ በአማርኛ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ይላል።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሶሊኒ አገራችንን በወረረበት ሰሞን ጣልያን የምትሠራቸው ሰርጓጅ መርከቦች የዘመቻውን ስም ተሸከሙ። የአድዋ ክፍል ይሏቸዋል። 17 ናቸው። ትናንት ስማቸውን ለእናቴ እንደ ተማሪ ስም ጠራሁላት። አድዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ተምቤን፣ አምባ አራዳም፣ አላጌ፣ አሸንጌ፣ ደሴ፣ ነገሌ፣ ደገሃቡር፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ሽሬ…

«ጎንደር የለም?» አለች።

«አለ።»

«እሱስ የት ገባ?»

ጎንደር መስከረም 30 ቀን 1940 እስክንድርያ አካባቢ በአውስትራሊያ የጦር መርከብ ተመትቶ ሰጠመ። ቀኖቹንም ዓመቶቹንም የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከ17ቱ ጦርነቱን በሕይወት ያለፈ አላጌ ብቻ ነው። እናቴ አባቷ ስለ ጣልያን ጊዜ ያወሩላትን ይዛ ነው ያደገችው። «እሰይ!» አለች፣ ስኒውን አስቀምጣ።

የሽሬ ጦርነት የተደረገው በየካቲት 1936 መጨረሻ ላይ ነው። በእኛ በኩል ራስ እምሩ ነበሩ። ጦሩ ተከዜን ተሻግሮ ሲያፈገፍግ አውሮፕላን ከላይ ያነደው ነበር። ሁለት ወር ከምናምን ቆይቶ፣ ግንቦት 8 ቀን፣ ጃንሆይ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሐይፋ ወደብ ወርደው ወደ ኢየሩሳሌም አቀኑ። ስደተኛ ሆነው። በ1938 ደግሞ ላ ስፔዝያ ላይ 60 ሜትር የሚረዝም አዲስ ሰርጓጅ መርከብ ውኃ ነካ፣ ስሙም ሽሬ ተባለ። ያ መርከብ ነሐሴ 10 ቀን 1942 እዚሁ ሐይፋ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ሰጠመ። አይላ የምትባል አነስተኛ የእንግሊዝ መርከብ ናት በውኃ ውስጥ ቦምብ የደበደበችው። ጃንሆይ የወረዱበት ወደብ! ይህን ሳነብ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማንም ያቀናጀው ነገር አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን አልወሰደኝም።

መርከቡ ተራ አልነበረም። ጀርባው ላይ ትልልቅ ቱቦዎች ነበሩት። በየቱቦው ውስጥ ሁለት ሁለት ጠላቂ እንደ ፈረስ የሚቀመጥበት ቀስ ብሎ የሚሄድ ቶርፒዶ አለ። በታኅሣሥ 1941 ሦስቱን እስክንድርያ ደጃፍ ላይ ለቀቃቸው። ስድስት ሰዎች ወደቡ ገብተው ኩዊን ኤልሳቤጥና ቫሊያንት የሚባሉትን ሁለት ግዙፍ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከጥቅም ውጭ አደረጓቸው። እኛ ጠላቂዎች ይህን ታሪክ የምንወደው ለጣልያን አዝነን አይደለም። በዚያ ዘመን መሣሪያ፣ በጨለማ፣ በታኅሣሥ ብርድ! ጣልያኖቹ ራሳቸው ያንን ቶርፒዶ ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ለእናቴ መንገር ግን አልነበረብኝም።

«አሳማ? እዚህ ጠረጴዛ ላይ?» አለች። ቡናው ሁለተኛ ሊፈላ ሄደ።

የአጎቴ ልጅ ነው ነገሩን ያከረረው። እሱ መግባት ነው የሚፈልገው። ከውጭ ዞሮ ማየት ለእሱ ሠርግ ሄዶ ድንኳን አይቶ መመለስ ነው። «የእኛ ስም ያለበት ቤት እኮ ነው፣ ለምን ደጁ ላይ እንቆማለን?» ይላል። እውነት ለመናገር እኔም ልቤ ከእሱ ጋር ነበር። ቡድኑን ሳሰባስብ ዋትሳፕ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያ መልእክት «ሽሬ ውስጥ እንገባለን» የሚል ነው። አሁንም እዚያው አለ፣ አላጠፋሁትም።

ከመካከላችን ስሌት የምትወድ መሐንዲስ አለች። የእናቴን የናፕኪን ወረቀት ስባ መጻፍ ጀመረች። አንድ ሰው ላይ ላዩን በደቂቃ 20 ሊትር አየር ይጨርሳል እንበል። 33 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይኛው 4.3 እጥፍ ነው። ስለዚህ ታች በደቂቃ 86 ሊትር ይጨርሳል። ባለ 12 ሊትሩ ሲሊንደር 200 ባር ሲሞላ 2400 ሊትር አየር ይይዛል። ጣሪያ ያለው ቦታ የሚገባ ሰው ግን ሁሉንም የኔ ነው አይልም። ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለክፉ ቀን። 800 ለ86 ሲካፈል ዘጠኝ ደቂቃ ከምናምን።

«በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ መውረድም አለ» አለችና እርሳሱን አስቀመጠች።

«ባለ 15 ሊትሩን እንይዛለና!» አለ የአጎቴ ልጅ።

«አሥራ አንድ ደቂቃ ተኩል።»

ደቂቃው እንኳ ትንሹ ችግር ነው። አሠልጣኛችን የነገሩንን ልጻፈው፣ ለራሴም እንዳልረሳው። የሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ድሮም ጠባብ ነው፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት። ዛሬ ጀርባህ ላይ ሲሊንደር ይዘህ ነው የምታልፈው። ሽቦ ተንጠልጥሏል፣ ቱቦ ተጣምሟል፣ ወለሉ ላይ የሰማንያ ዓመት ደለል ተኝቷል። አንዴ እግርህን ካወራጨህ ደለሉ ይነሣና ባትሪህ ፊትህ ላይ ወተት ያበራል። መውጫህን በዓይንህ አታገኘውም፤ ከደጅ አስረህ የዘረጋኸውን ገመድ በእጅህ እየዳበስክ ነው የምትወጣው። ገመዱ ከተበጠሰ ወይም ከለቀቅኸው ያው ነው። ከዚህ ላይ ደግሞ 33 ሜትር ላይ ናይትሮጂን ራስህ ላይ ይወጣል። ጠጅ እንደ ጠጣ ሰው ያደርግሃል። ደስ ይልሃል፣ ምንም ችግር ያለ አይመስልህም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚባለው ለካ ይኼ ነው።

«እና የገባ የለም?» አለ የአጎቴ ልጅ።

አሉ፣ አሉ። እዚህ ግን አይቻልም። በ1984 የጣልያን ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ገብተው የ42 ሰዎችን አጽም አውጥተው ወደ አገራቸው ወሰዱ። ከዚያ በኋላ መግቢያዎቹ ተዘጉ። በ2008 ደግሞ ተመልሰው መጥተው እንደገና ዘጉት። የአጎቴ ልጅ አንድ ቦታ ክፍተት እንዳለ ከሰው ሰምቷል። ከሰው የሰማው ነገር ብዙ ነው፤ መኪናውንም የገዛው እንደዚያው ነበር። አሠልጣኛችን ሳቅ ብለው፣ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ መግባት ካማራችሁ አውስትራሊያ ሂዱ አሉ። ሜልበርን አቅራቢያ በ1920ዎቹ ባዶአቸውን ሆን ተብሎ እንዲሰጥሙ የተደረጉ አሉ፣ ሰው አልሞተባቸውም፣ ሥልጠናው ያለው ሰው ይገባል።

ሁሉም በዕብራይስጥ ስለሚጯጯህ እናቴ እጄን ነካ አድርጋ ምን እንደሚሉ ጠየቀችኝ። ልጆቹ ውስጥ ልግባ ይላሉ፣ ሽማግሌው አይሆንም ይላሉ አልኳት።

«ምን አለ ውስጡ?»

«ሰዎች ነበሩ፣ እማዬ። አርባ ሁለቱን አውጥተዋቸዋል።»

«ስንት ነበሩ?»

«ስልሳ።»

«ሁሉም ሞቱ?»

«ሁሉም።»

ጀበናውን ይዛ ነበር። ወደ ማቶቱ መለሰችው። ከንፈሯን መጠጠች። «የወላድ ያለህ!» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ለአጎቴ ልጅ በአማርኛ፣ «አንተ፣ አሥራ ስምንት ሰው የተኛበት ቤት ምን ልትሠራ ነው የምትገባ?» አለችው። ሂሳቡን እሷ ናት የሠራችው። ማናችንም አልቀነስነውም ነበር። የአጎቴ ልጅ ፈንዲሻውን ሳበ፣ መልስ አልሰጠም። መሐንዲሷ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። ናፕኪኑን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

ከዚያ በኋላ ስብሰባው በሃያ ደቂቃ አለቀ። ከውጭ እንዞራለን። ሁለት ቡድን፤ ሁለት ሰው ከአሠልጣኛችን ጋር፣ እኔና የአጎቴ ልጅ አንድ ላይ። እሱን ከዓይኔ ልለየው አልፈልግም፣ አስቤበት ነው። ሲሊንደር ባለ 15። አየሩ ናይትሮክስ ነው፣ ኦክስጅን የተጨመረበት፣ ግን 32 በመቶ ኦክስጅን ያለው አይደለም። ጠልቀህ ስትሄድ ኦክስጅኑ መርዝ ይሆናልና የ32ቱ ወሰን 33 ሜትር ከ75 ላይ ያልቃል፤ አሸዋው 33 ላይ ከሆነ ለስሕተት የቀረልህ ከአንድ ክንድ ተኩል አይበልጥም። 30 በመቶ ይሻላል። ታች 18 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አንዲት ደቂቃ የለም። ስንወጣ አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆመን እንጠብቃለን። መርከቡ ላይ ምንም አንነካም፣ ምንም አናነሣም። ይህን የመጨረሻውን አሠልጣኛችን ሁለት ጊዜ አሉት፣ ሁለቱንም ጊዜ ወደ አንድ ሰው እያዩ።

ቀኑ ከስግድ በዓላችን በፊት ያለው ሐሙስ ነው፣ ባሕሩ ከፈቀደ። ማዕበሉ ከግማሽ ሜትር በላይ ከሆነ አንወጣም። ከዛሬ ጀምሮ የአየር ትንበያውን በየሰዓቱ ማየት ጀምሬአለሁ፤ ሥራ ቦታ አለቃዬ አክሲዮን የገዛሁ መስሎታል።

እኔ ምን ማየት እንደምፈልግ አሁን ገብቶኛል። ማማውን። ከጎኑ ሆኜ፣ ሳልነካው፣ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ከጎንደር በመጣን ሰሞን፣ እዚሁ ሐይፋ። ያን ቀን የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ አለቅሰው ነበር፣ መሬቱ የሚሄድ መስሎኝ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ልገባ ስል ደወለች።

«ያ ሽሬ የምትሄዱበት ቀን ሐሙስ ነው ያልከኝ?»

«ሐሙስ።»

«በባዶ ሆድ አትገቡም። ዳቦ እደፋለሁ። ለስንት ሰው?»

«ለአምስት።»

«ጀልባውን የሚነዳውስ? እሱ ሰው አይደለም?»