ሚዛኑ ያላሳየኝ ለውጥ

ዛሬ ጠዋት ሐዋሳ በምሠራበት ጂም ሚዛን ላይ ስወጣ በአንድ ወር ውስጥ የቀነስኩት 1 ኪሎ ብቻ መሆኑን አይቼ ቅር አለኝ፤ ወገቤን ስለካው ግን 4 ሴንቲ ሜትር ጠቦ አገኘሁት። አሠልጣኜ እንዳስረዳኝ፣ ክብደት የሚያነሳ ሰው ስብ እየቀነሰ ጡንቻ ሊገነባ ስለሚችል ሚዛን ብቻውን ሙሉውን እውነት አይናገርም። ከዓመታት በፊት ቁርስና እራት እየዘለልኩ በፍጥነት ስከሳ፣ ከስቡ ጋር ጡንቻዬም አብሮ በመሄዱ ደረጃ መውጣት እንኳ ያደክመኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ይህን የሚነግረኝ ሰው ባለማግኘቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን እንጀራን አልተውኩም። መጠኑን ቀንሼ ምስሩንና ጎመኑን አበዛለሁ፤ 1 ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ሲኖረው 1 ግራም ፕሮቲን ግን 4 ብቻ ስላለው፣ የወጡን ዘይት በማንኪያ እየለካሁ እጨምራለሁ። ከጂም ስወጣም ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወርጄ፣ በዘይት ከተጠበሰው ዓሣ ይልቅ ሾርባውን መረጥኩ፤ 100 ግራም የበሰለ ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) 26 ግራም ያህል ፕሮቲን እንዳለው ሳስብ፣ ሐይቃችን ምን ያህል እንደሚመግበን ተሰማኝ። ሐሙስ ስኳቱን፣ ማለትም ክብደት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳቱን፣ በ45 ኪሎ እሞክራለሁ።