ከላንዶቨር ስመለስ

ዛሬ ከአጎቴ ልጅ ጋር ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር ስታዲየም የዋሽንግተኑን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የኮማንደርስን ጨዋታ አየን። አጠገባችን የተቀመጠው ወጣት ቡድናችን ተችዳውን (ትልቁን ነጥብ) ሲያገባ እንኳ ከስልኩ ቀና አላለም። በስልኩ ገንዘብ ተወራርዶ ስለነበር የሚጠብቀው የቡድኑን ድል ሳይሆን አንድ ተጫዋች ስንት ያርድ እንደሚሮጥ ነበር። በጣም አሳዘነኝ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አብዛኞቹ ስቴቶች የስፖርት ውርርድን እንዳይፈቅዱ የሚከለክለውን የ1992ቱን (እ.ኤ.አ.) የፌዴራል ሕግ በ2018 ከሻረ ወዲህ ውርርድን መፍቀድም መከልከልም የየስቴቱ ጉዳይ ሆነ፤ ሜሪላንድ ውስጥ በስልክ መወራረድ የተጀመረው በ2022 መጨረሻ ነው። ሕጉ ከመሻሩ በፊት ውርርድን አጥብቆ ይቃወም የነበረው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ ዛሬ ከአወራራጅ ድርጅቶች ጋር አጋር ነው። ተጫዋች ከተወራረደ ግን ይቀጣዋል፤ ካልቪን ሪድሊ የ2022ን የውድድር ዘመን ሙሉ ታግዷል። ተመልካቹንስ ማን ያስብለታል?

ስንወጣ የአጎቴ ልጅ ቀስ ብሎ፣ «እኔም ስልኬ ላይ አለኝ እኮ» አለኝ። እስከ መኪናው ድረስ እጁን ይዤው ሄድኩ።