ያልተዘጋው መስመር

በአንድ የከተማ የጀልባ ቀዘፋ ክለብ ውስጥ ለስድስት ወራት በኮንትራት ሠርቻለሁ። ክለቡ ለምሥረታ በዓሉ ዐውደ ርእይ ሊያዘጋጅ አስቦ ስለነበር፣ የእኔ ድርሻ የቆዩ ሰነዶችን መለየት፣ ማደራጀትና በስካነር ማንሳት ነበር። እኔ ራሴ ቀዛፊ አይደለሁም፤ ቀዛፊ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ጀርባውን ሰጥቶ እንደሚቀዝፍ እንኳ ልብ ያልኩት እዚያ ከገባሁ በኋላ ነው።

ኮሚቴው በመጀመሪያ ያስረከበኝ ዋንጫዎችን፣ ፎቶግራፎችንና ቃለ ጉባኤዎችን ነበር። ዋንጫ የሚናገረው ስላሸነፈ ሰው ብቻ ነው። ቃለ ጉባኤዎቹ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገሚሳቸው ስለሚያፈስ ጣሪያና ስላልተከፈለ መዋጮ የተደረገ ክርክር ነው። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከደረጃው ሥር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ የጀልባዎች የመውጫና መግቢያ መዝገቦች ተደርድረው አገኘሁ። እያንዳንዱ መስመር ቀኑን፣ የጀልባዋን ስም፣ የቀዛፊዎቹን ስም፣ የወጡበትን ሰዓት፣ የሚሄዱበትን አቅጣጫና የተመለሱበትን ሰዓት ይዟል። ኮሚቴው ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል ከመወሰኑ ከብዙ ጊዜ በፊት የሴቶች ስም «እንግዳ» እየተባለ በየሳምንቱ ይመዘገብ እንደነበር የተረዳሁት ከእነዚህ መዝገቦች ነው፤ ቃለ ጉባኤው ስለዚህ አንዳች ቃል የለውም።

ለዐውደ ርእዩ መግቢያ ስለ ስፖርቱ አጠቃላይ ታሪክ ያሰባሰብኩት ጽሑፍም የመዝገቦቹን ዋጋ በዓይኔ ከፍ አድርጎታል። በለንደን በቴምዝ ወንዝ ላይ ሰው እያሻገሩ ይተዳደሩ የነበሩ ጀልበኞች እ.ኤ.አ. ከ1715 ጀምሮ የሚፎካከሩበት ውድድር እስከ ዛሬ ይካሄዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀዘፋን ከተረከቡት ክለቦች ብዙዎቹ ግን በራቸውን ለእነዚያው ጀልበኞች ዘግተዋል። እ.ኤ.አ. በ1839 በእንግሊዝ የተጀመረው የሄንሊ የቀዘፋ ውድድር በ1879 ያወጣው ደንብ በእጅ ሥራ የሚተዳደርን ሰው አማተር (ለገንዘብ የማይወዳደር ስፖርተኛ) አይደለም ብሎ ከውድድሩ አስወጥቷል። አሜሪካዊው ጆን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1920 በሄንሊ እንዳይወዳደር ሲከለከል የግንበኝነት ሙያው ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር፤ በዚያው ዓመት በአንትወርፕ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ አጠለቀ። ደንቡ የተሻረው በ1937 ነው። ሴቶች በኦሊምፒክ ለመቅዘፍ እስከ 1976ቱ የሞንትሪያል ውድድር ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው፤ ያኔም ወንዶች 2,000 ሜትር ሲቀዝፉ ለእነሱ የተፈቀደው 1,000 ሜትር ብቻ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ በአእምሮዬ የቀረው ግን የፓሪሱ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 በተካሄደው ኦሊምፒክ ሁለት የኔዘርላንድ ቀዛፊዎች ተቀምጦ ጀልባዋን የሚመራላቸው ሰው ስለከበዳቸው በእሱ ቦታ አንድ ትንሽ ልጅ አስቀምጠው ወርቅ ወሰዱ። የልጁን ስም በወቅቱ የጻፈ ሰው አልነበረም። እኛ ክለብ ቢሆን ኖሮ፣ እል ነበር ለራሴ፣ ስሙ ይጻፍ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ መዝገብ ላይ የክለቡ ሊቀ መንበርም ትናንት የገባ ጀማሪም የሚያገኙት አንድ መስመር ብቻ ነው።

የክለቡ ኑሮም እንዲሁ ነበር። ባለ ስምንት ቀዛፊ ጀልባ ወደ 18 ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ ክብደቷ በውድድር ደንብ ከ96 ኪሎ ግራም ማነስ የለበትም። ስለዚህ ከመደርደሪያዋ አውርዶ ወደ ውኃው ለማድረስ ስምንቱም ትከሻቸውን ማዋስ አለባቸው፤ አንዱ ሲያረፍድ ሰባቱ ቆመው ይጠብቁታል። መቅዘፍ ያቆሙ አረጋውያን ጧት ጧት ይመጣሉ፤ አንዱ የሞተር ጀልባ ይነዳል፣ ሌላው ጀማሪዎችን ይመክራል፣ ሌላው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ይተቻል። ጀልባዎቹን የሚጠግኑት አዛውንት ደግሞ ከማንም ቀድመው ገብተው ከማንም በኋላ የሚወጡ ሰው ነበሩ።

ቀኑ እያጠረ በመጣበት ወቅት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ የነበረው መዝገብ አራት ባዶ ገጾች ብቻ እንደቀሩት አየሁ። ሊያልቅ ነው ብዬ ለማንም ሳልናገር በቦታው አዲስ ደብተር አስቀምጬ አሮጌውን ወደ ላይኛው ፎቅ ይዤ ወጣሁ። አዲሱን በማስመሪያ አስምሬ የዓምዶቹን ርእስ አሳምሬ ጽፌ ነበር። በአሮጌው መጨረሻ በተጻፈበት ገጽ ላይ 11 ሰዓት ላይ የወጣች ባለ ሁለት ቀዛፊ ጀልባ የመግቢያ ሰዓቷ አልተሞላም። እኔ ግን ይህን እንደ ሰነድ ጉድለት ቆጥሬ፣ ሞልቶ መሄድ የረሳ ሰው እንዳለ ገምቼ፣ በማስታወሻዬ ላይ «ያልተሟላ» ብዬ አሰፈርኩ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ተረኛዋ አዲሱን ደብተር ተመልክታ፣ ያልተዘጋ መስመር ስላላገኘች፣ መብራቶቹን ማጥፋት ጀመረች። ድምፃቸውን ከፎቅ ሆኜ እሰማ ነበር።

«ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ምንድን ነው?» አሉ አዛውንቱ።

«ለጥገና ወጥታ ይሆናል።»

«የምጠግነው እኔ ነኝ» አሏት።

መዝገቡን ታቅፌ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። የሞተር ጀልባው ነጂ፣ አብዛኞቹ የማታ ቀዛፊዎች ወንዙን ተከትለው ወደ ታች ስለሚወርዱ፣ ወደዚያው ሊነሣ ገመዱን ፈትቶ ነበር። ገጹን በባትሪ አብርተን ስናነብ በአቅጣጫው ዓምድ ውስጥ «ወደ ላይ፣ እስከ ሁለተኛው ድልድይ» የሚል ተጽፏል። ነጂው የሞተር ጀልባውን አፍንጫ ወደ ላይ አዞረ።

ሁለቱ ልጆች የተገኙት ከድልድዩ ወዲህ በደንገል ውስጥ ነው። መቅዘፊያው የሚያርፍበት የብረት ክንድ ብሎኑ ወልቆ ውኃ ውስጥ ገብቷል፤ ጀልባዋም ልትገለበጥ ምንም አልቀራት። በተማሩት መሠረት ጀልባቸውን ትተው ለመዋኘት አልሞከሩም፤ እሷኑ ይዘው እየተጣሩ ቆይተዋል። ስልካቸው የክለቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። እስከ ወገባቸው ርሰው በብርድ ይንቀጠቀጡ ነበር እንጂ ጉዳት አልደረሰባቸውም።

በማግሥቱ የአደጋ ሪፖርቱን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔው ነኝ። ቅጹ መንሥኤውን የሚጠይቀው «የመሣሪያ ብልሽት፣ የአየር ጠባይ፣ የቀዛፊ ስህተት» ብሎ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ላይ ብቻ ምልክት አድርጌ ባልፍ የሚጠይቀኝ እንደማይኖር አውቅ ነበር። ብሎኑን ከጻፍኩ በኋላ ወረቀቱን ገልብጬ ቀሪውን በጀርባው ላይ ጻፍኩ። የክለቡ ካፒቴን አንብባ ስትጨርስ ቁጣ አላሳየችኝም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም መዝገብ ከጠረጴዛው የሚነሣው መስመሮቹ ሁሉ ከተዘጉ በኋላ ብቻ እንዲሆን፣ ካልተዘጉም በቀይ እስክሪብቶ ወደ አዲሱ እንዲዛወሩ የሚል ማስታወቂያ ከበሩ ላይ አስለጠፈች። እኔም መዝገብ የማነሣው ጧት፣ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሬ ሆነ።

በዚያች ምሽት ግን ልጆቹ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከተቀመጡና ጀልባዋም ተጠርጋ ቦታዋ ከገባች በኋላ፣ አዛውንቱ መዝገቡን ከፍተው እስክሪብቶ ዘረጉልኝ።

«ማን ነው ያነሣው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው መግቢያቸውን አንተ ጻፍ፣ ልጄ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቼ 2 ሰዓት ከ10 ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ ስለተንቀጠቀጠ ቁጥሩ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ብሏል። ያ መዝገብ ለዐውደ ርእዩ ከተመረጡት ውስጥ አልገባም። አራቱ ባዶ ገጾች እስኪሞሉ ድረስ ወደ በሩ ጠረጴዛ ተመልሷል።